ምስክሩ ምን አይቷል?

(በዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ቀን፣ «በምህንድስና ትምህርት የተማሪን ዕውቀት እንዴት እንመዝን?» በሚል ርዕስ በተካሄደው ውይይት ላይ አንዲት የሕክምና ምሩቅ ካቀረቡት ንግግር)







አዘጋጆቹ ደውለው በዚህ ርዕስ ላይ ንግግር አድርጊ ሲሉኝ፣ «መሐንዲስ ጠፋ እንዴ?» ነበር ያልኳቸው። «መሐንዲሶቹማ እርስ በርስ ብዙ ተነጋግረዋል፤ እስኪ ደግሞ ከውጭ የሚያይ ሰው ይናገር» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሕክምና ተማሪዎችን ስለማስተምርና ስለምፈትን «ይህ ልጅ በእርግጥ ተምሯል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የየዕለት ጥያቄዬ ነው። ሁለተኛ፣ የምህንድስና ምሩቃን በሠሩት ነገር ላይ በየቀኑ እመካለሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መብራት፣ ጄነሬተሩ፣ ሊፍቱ፣ የኦክስጅኑ መስመር፣ የሕንፃው ምሰሶ ሁሉ የእናንተ ልጆች ሥራ ነው። እኔ መድኃኒት ሳዝ ፊርማዬ ካርዱ ላይ አለ። የመሐንዲሱ ፊርማ ግን አይታይም፤ በሽተኛዬ የተኛው ግን እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጣሁት ላስተምራችሁ አይደለም። የሥራችሁ ተጠቃሚ ሆኜ ነው።

«የምስክር ወረቀት» ማለት

ለተመራቂ የምንሰጠውን ወረቀት በአማርኛ ምን እንደምንለው ልብ በሉ። «የምስክር ወረቀት» ነው የምንለው። ምስክር ደግሞ ፍርድ ቤት ሲቆም «ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሰው ነገረኝ»፣ «ይመስለኛል» ቢል ዳኛው አይቀበለውም። እኛ ግን በየዓመቱ በአዳራሽ ሙሉ ጋውን ለለበሱ ወጣቶች «ይህ ሰው መሐንዲስ ነው»፣ «ይህች ሴት ሐኪም ናት» ብለን እንመሰክራለን። ታዲያ ምን አይተን ነው?

ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ይመልሳል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ማቅረብ አይሠራም፤ ቅኔ አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም። መጨረሻ ላይ ለመምህርነት ሲበቃ «አስመሰከረ» ይባላል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ ሰሌዳው ላይ ያለውን በመምህሩ ፊት ሳይቀራ ወደሚቀጥለው አይሄድም። በሁለቱም ቤት መምህሩ ያላየውንና ያልሰማውን አይመሰክርም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረታችንም የመጣው ከዚያው ዓለም ይመስለኛል። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ አይርቅም፦ የምንመሰክረው ያየነውን ብቻ ይሁን፤ ማየት ያለብንንም እንይ።

አንድ የኦክስጅን ማሽን

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ ስሙን ልተወውና፣ በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ኦክስጅን ላይ ነበር። የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩ መጮህ ጀመረ፤ የሚሰጠው ኦክስጅን ወርዷል። ሕፃኑን ወዲያው ወደ ሲሊንደር አዛወርነውና ባለሙያ ጠራን። አንድ ወጣት የባዮሜዲካል ምህንድስና ምሩቅ መጣ። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት። አየሩን ከክፍሉ እንደሚስብ፣ እንደሚጨምቀው፣ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ሲያልፍ ናይትሮጅኑ እንደሚያዝና ኦክስጅኑ እንደሚቀር አንድም ሳይሳሳት አስረዳኝ። እኔም ተማርኩበት። ከዚያ ግን ማሽኑን ቆሞ ተመለከተው። አልነካውም።

«ክፈተው እንጂ» አልኩት።

«ዶክተር፣ ከፍቼ አላውቅም» አለኝ። በተማረበት ቦታ ማሽኑ እንዳይበላሽ ተቆልፎበት ነበር።

ቆየት ብሎ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን መጡ። ከኋላ በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያ ማጣሪያ ሳብ አድርገው አወጡት። በአቧራ ተደፍኖ ጠቁሯል። ትርፍ ማጣሪያ ነበረ፤ ተቀየረ፤ ማሽኑ ሠራ። ሁሉም ነገር ደቂቃዎች አልፈጀም። ሕፃኑም ደህና ሆኖ ወጣ።

ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም። በማዕረግ የተመረቀ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከአንጋፋው ጋር እየሠራ በሆስፒታሉ የሚፈለግ ባለሙያ ሆኗል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ለዚህ ልጅ ወረቀት የፈረሙለት ሰዎች አንድም ቀን ማሽን ሲከፍት አላዩትም። የመሰከሩለት ስለ ዚዮላይት ነው፤ ሆስፒታሉ የተቀበለው ግን ማሽን ይጠግናል ተብሎ ነው።

እኛ ሐኪሞች ከየት ወዴት መጣን

እዚህ ላይ የምህንድስና መምህራን «ሐኪሞቹማ ድሮም በሽተኛ ፊት ነው የሚፈተኑት» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን የእኛም ፈተና ብዙ ጉድ ነበረበት። ከእኔ ጋር ሲ-ዋንና ሲ-ቱን ያለፋችሁ ሎንግ ኬዝን አትረሱትም። ለተማሪው አንድ በሽተኛ ይመደብለታል፤ ታሪኩን ይጠይቃል፣ ይመረምራል፤ ከዚያ ፈታኞች ይቀመጡና ያፋጥጡታል። ዕጣ ነው። አንዱ በግልጽ የሚዳሰስ ጣፊያ ይደርሰዋል፣ ሌላው ቋንቋውን የማያውቀው አዛውንት። አንዱን ፈታኝ ሲያዩት ላብ ያጠምቃል፣ ሌላው ሻይ የሚጋብዝ ይመስላል። ደግሞ ሆስፒታሉን የለመዱ በሽተኞች አሉ፤ በሚያሳዝን ዓይን አይተውን «ልጄ፣ ግራ በኩል ያለውን ዳብሺ፤ ትናንት የመጡት ሁሉ እዚያ ነው የፈለጉት» የሚሉን። እነዚያ በሽተኞች ስንቱን ሐኪም እንዳሳለፉ እግዜር ይወቅ!

ይህን የዕጣ ነገር ለመቀነስ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ደንዲ እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አሠራር ይዘው መጡ። አንድ ረጅም ፈተና በመፈተን ፈንታ ብዙ አጫጭር ጣቢያዎች አዘጋጁ። ተማሪው ደወል ሲደወል ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። በአንዱ ልብ ያዳምጣል፣ በሌላው ኤክስሬይ ያነባል፣ በሌላው በሽተኛ ያናግራል። በየጣቢያው ያለው ፈታኝ አስቀድሞ የተስማሙበትን ዝርዝር ይዞ ያየውን ምልክት ያደርጋል። ለሁሉም ተማሪ ጥያቄው አንድ ነው፤ አንዱ ፈታኝ ቢከፋበት ሌሎቹ አሉ። ዛሬ ኦስኪ እያልን የምንጠራው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር ነገሩን በአራት ደረጃ አስቀመጠው። ከታች «ያውቃል» አለ፤ ከእሱ በላይ «እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል»፤ ቀጥሎ «ሠርቶ ያሳያል»፤ ከላይ «በሥራው ላይ ይሠራል»። ዝቅተኛው ደረጃ በምርጫ ጥያቄ ይመዘናል። ከላይኛው ሁለት ደረጃ ለመድረስ ግን መመልከት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። የኦክስጅኑ ልጅ ሁለተኛው ደረጃ ላይ በክብር ቆሞ ነበር፤ ሦስተኛውን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

የጽሑፍ ፈተና አይረባም እያልኩ አይደለም። የመድኃኒት መጠን የማያውቅ ሐኪም፣ ጭነት ማስላት የማይችል መሐንዲስ እጁ ቢፈጥንም አደጋ ነው። ግድግዳ ያለ መሠረት አይቆምም። እኔ የምለው መሠረቱን ብቻ አይተን ስለ ጣሪያው አንመስክር ነው።

ወረቀቱ ራሱ ሲያታልል

ወረቀት ላይ ያለው ዕውቀት እንኳ እንደሚታየው ላይሆን ይችላል። ይህን ያሳዩን የፊዚክስ መምህራን ናቸው፤ የምህንድስና ተማሪ ሁሉ በአንደኛ ዓመት እጃቸው የሚያልፍ። ዴቪድ ሄስተኒስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ኃይል ጽንሰ ሐሳብ ስሌት የሌለበት አጭር ፈተና አወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦ ከባድ የጭነት መኪናና ትንሽ መኪና ቢጋጩ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ «እኩል» ማለት አለበት። ብዙዎቹ ግን «የጭነት መኪናው» አሉ። ቀመሩን ያውቃሉ፤ ጥያቄው ከመንገድ ሲመጣ ግን ወደ ቀድሞ እምነታቸው ይመለሳሉ።

በሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር የራሱን ተማሪዎች በዚህ ፈተና ሲፈትን፣ አንዷ ተማሪ በአስተማርከን መንገድ ልመልስ ወይስ እኔ በማስብበት መንገድ ብላ እንደጠየቀችው ይናገራል። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የእኛስ ተማሪዎች ስንት ጊዜ ሁለት አእምሮ ይዘው ፈተና ክፍል ይገባሉ? አንዱ ለኤ፣ ሌላው ለኑሮ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሪቻርድ ሄክ በ62 ኮርሶች ከ6 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ አወዳደረ። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል ተማሪዎቹ ሊያገኙት ይችሉ ከነበረው ዕድገት ያገኙት በአማካይ 23 በመቶ ያህሉን ነው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ እየተወያዩና እየሞከሩ በተማሩበት ክፍል ግን 48 በመቶ ያህል። ልብ በሉ፤ ይህ የታወቀው መምህራኑ በኮርሱ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለጠየቁ ነው። ባይጠይቁ ኖሮ ሁሉም «በደንብ አስተምሬያለሁ» እያለ ጡረታ ይወጣ ነበር።

የምህንድስና ትምህርትን የሚመዝኑ አካላትም ወደዚሁ መጥተዋል። በአሜሪካ ፕሮግራሞችን የሚገመግመው አቤት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ምን አስተማራችሁ?» ከሚለው «ተማሪው ምን ተማረ?» ወደሚለው ዞረ። መጀመሪያ 11 ውጤቶችን ዘረዘረ፤ በኋላ ወደ 7 አሰባሰባቸው። ከሰባቱ ውስጥ ከሌላው ሰው ጋር መግባባት፣ በሥነ ምግባር መወሰን፣ በቡድን መሥራት፣ ሙከራ ማካሄድ ይገኙበታል። እነዚህን በሦስት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና ማን ሊያያቸው ይችላል?

እኛ ቤት

ወደ አገራችን ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሲሰጥ፣ ከ150 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 61 ሺህ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 41 በመቶ ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ አለቀሰ። እኔ ግን ፈተናው ጠቅሞናል ባይ ነኝ፤ የተለያየ ትምህርት ቤት ግሬድ በአንድ ሚዛን ተመዝኖ ሲታይ ያልታየው ታየ። የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ የሚያየው የሚለርን የታችኛውን ደረጃ ነው። «ያለፈ መሐንዲስ ነው» ብለን ካመንን የመጨረሻው ዓመት በሙሉ የወርክሺት ዓመት ይሆናል፤ ላብራቶሪው ይዘጋል፤ ሁሉም ይሸመድዳል።

ከመውጫ ፈተናው በፊት ያለውስ? እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። በቡድን ፕሮጀክት አምስት ስም ይጻፋል፤ ሥራውን የሠራው አንዱ ነው፤ ውጤቱ ለአምስቱም እኩል ነው። የላብራቶሪ ሪፖርት ከአምናዎቹ ይወረሳል፤ አሁን ደግሞ ሪፖርት የሚጽፍ ኮምፒዩተር በየኪሱ አለ። ፋይናል ይታረማል፣ ግሬድ ይለጠፋል፤ ወረቀቱ ግን ለተማሪው አይመለስም። የት እንደሳተ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ኮርስ ያልፋል። እኛ ሐኪም ቤት ውጤቱን ለበሽተኛው የማይነግር ላብራቶሪ ቢኖር ምን እንለዋለን?

ኢንተርንሺፑ ደግሞ አለ። ከድርጅቶች ተሞልቶ የሚመጣውን ቅጽ አንዳንድ የምህንድስና ወዳጆቼ አሳይተውኛል። 95፣ 96፣ 98። ሰዓት ያከብራል፣ ጨዋ ነው፣ ታዛዥ ነው። እንግዲህ ይሉኝታችን ነው፤ የሰው ልጅ እንጀራ ላይ እንዴት ክፉ ይጻፋል? ችግሩ ሁሉም 95 ሲያገኝ ጎበዙ ልጅ ተበድሏል፣ ደካማውም የሚረዳው ሳያገኝ ተሸኝቷል።

ምን እናድርግ?

ከእኛ ቤት ልምድ ተነሥቼ አራት ነገር ላቅርብ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አላልኩም። አንድ ትምህርት ክፍል፣ አንድ ኮርስ ይጀምር።

አንደኛ፣ የጣቢያ ፈተና። ለምሳሌ በሲቪል ምህንድስና ስምንት ጣቢያ እናዘጋጅ። በአንዱ ተማሪው የኮንክሪት ስላምፕ ምርመራ ይሠራል፤ ሾጣጣውን ዕቃ በሦስት ንብርብር መሙላቱን፣ እያንዳንዱን 25 ጊዜ በዘንጉ መውጋቱን እናያለን። በሌላው ሌቭል ያቆምና ያነባል። በሌላው ስህተት ሆን ተብሎ የገባበት ፕላን ይሰጠዋል፤ ይፈልገው። በሌላው የስካፎልዲንግ ፎቶግራፍ አይቶ አደጋውን ይለያል። በሌላው ደግሞ ግድግዳው የተሰነጠቀበት የቤት ባለቤት ሆነው የሚተውኑ ሰው ተቀምጠዋል፤ ሳያስደነግጥና ሳይዋሽ ያስረዳቸው። በኤሌክትሪክ ከሆነ መስመሩ ኃይል እንደሌለው ሳይለካ ገመድ የነካ ተማሪ ሌላውን ሁሉ ቢመልስም ያንን ጣቢያ አያልፍም። እኛም ዘንድ እጁን ሳይታጠብ ቁስል የነካ አያልፍም።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ። እናስላው። በየጣቢያው 7 ደቂቃ፣ ለመዘዋወር 1 ደቂቃ። ስምንት ተማሪ ስምንቱን ጣቢያ ዞሮ የሚጨርሰው በ64 ደቂቃ ነው። 40 ተማሪ ካለ አምስት ዙር ነው፤ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ሁለት ተመሳሳይ መስመር ጎን ለጎን ከተዘረጋ በሦስት ዙር፣ በ3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያልቃል። ከስምንቱ ጣቢያ አራቱ መልስ ተጽፎባቸው የሚታረሙ ከሆኑ ተመልካች የሚያስፈልገው ለአራቱ ነው፤ ለሁለት መስመር ስምንት ሰው። እነዚህ ስምንት ሰዎች ከየት እንደሚመጡ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ የሲኒየር ፕሮጀክት ዲፌንስ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው አንድ የለውጥ ጥያቄ ይጠየቅ። «ባለቤቱ ጣሪያው ላይ 5,000 ሊትር የውሃ ታንከር ልጨምር ቢሉህ ምን ታደርጋለህ?» የሠራው ልጅ አምስት ቶን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ወደ 50 ኪሎ ኒውተን ነው፤ የት ላይ እንደሚያርፍ ይጠይቃል፣ የትኛውን ምሰሶ እንደገና እንደሚያሰላ ይናገራል። ስሙን ብቻ ያስገባው ወደ ጓደኛው ይዞራል። ይህ ወጪ የለውም፤ አምስት ደቂቃ ነው። ኮምፒዩተር የጻፈውንና ልጁ ያሰበውንም ይለያል።

ሦስተኛ፣ በኮርሱ መጀመሪያና መጨረሻ ማርክ የሌለው አጭር የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ። ማርክ ከሌለው አጤሬራ የለም። መምህሩም ስለ ራሱ ማስተማር እውነቱን ያገኛል። ፋይናሉም ታርሞ ይመለስ፤ ቢያንስ ተማሪው መጥቶ የሚያይበት አንድ ቀን ይኑር።

አራተኛውን በጣም እወደዋለሁ። የኔዘርላንዱ ኦለ ተን ካተ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሐሳብ ነው፤ በሕክምና ትምህርት በስፋት ተይዟል። «ልጁ ስንት አገኘ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ሥራ ለእሱ ትተህ ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ደረጃው ቀላል ነው፤ ይመልከት ብቻ፤ አጠገቡ ቆሜ ይሥራ፤ ሲጠራኝ እንድደርስ ሆኜ ይሥራ፤ ብቻውን ይሥራ፤ ሌላውን ያሠራ። እኔ ለኢንተርን 90 ከመቶ ከመስጠት ይልቅ «ማዋለድ፦ ሲጠራኝ እደርሳለሁ፤ ቁስል መስፋት፦ ብቻውን» ብዬ ስጽፍ ለማታው ተረኛ ብዙ ነግሬዋለሁ። የኢንተርንሺፑ ቅጽ እንዲህ ቢሆንስ? «ፕላን ማንበብ፣ የኮንክሪት ሥራ መቆጣጠር፣ ለቀን ሠራተኛ ትዕዛዝ መስጠት፣ የዕቃ መጠን ማስላት፤ በየትኛው ብቻውን ትተወዋለህ?» ይሉኝታችን ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይመችም። 98 መስጠት ቀላል ነው፤ ሳይቱን ትቶ መሄድ ግን ሲሚንቶና ብረት አለበት!

ተቃውሞዎቹን ሰምቻለሁ

መምህራኖቻችን እንዲህ ትላላችሁ፦ ክፍላችን 80 ተማሪ ነው፤ ዕቃ የለንም፤ ያለውም ከተበላሸ ተጠያቂዎች እኛ ነን፤ ፈተና በማሻሻል ደግሞ ዕድገት የሚሰጠን የለም። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ዕድገቱ መወሰን የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ግን ይህ ንግግር በሚታተምበት መጽሔት ላይ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ጥሩ ፈተና ያዘጋጀ መምህር ጥሩ ጽሑፍ ካሳተመ መምህር እኩል ሊቆጠርለት ይገባል። ስለ ዕቃው ግን አንድ ነገር ልበል። የማይነካ ዕቃ የለም ማለት ነው። በሆስፒታል ከአገልግሎት የወጡ ማሽኖች በየመጋዘኑ አሉ፤ በፋብሪካና በግንባታ ድርጅትም እንዲሁ። የማይሠራ ማሽን ለመማር ከሚሠራው ይሻላል፤ ተከፍቶ ቢበላሽ የሚያዝንበት የለም።

ሌላም ስጋት አለ፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ቅጽ መሙላት እንዳይቀየር። ፋይሉ ወፍሮ ተማሪው እንዳይቀጥን። ይህ በእኛም ዘንድ ያለ በሽታ ነው፤ ሎግ ቡኩ በመጨረሻው ሳምንት በአንድ እስክሪብቶ ይሞላል። መድኃኒቱ ቅጹን ማሳጠርና ያየነውን በዚያው ሰዓት መጻፍ ነው። ሁለት መስመር፣ በዕለቱ።

የእኛ የምሩቃኑ ድርሻ

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። በየዓመቱ ተገናኝተን ለትምህርት ቤታችን ምን እንስጥ ስንል ወንበር፣ ኮምፒዩተር፣ መጽሐፍ እንላለን። መልካም ነው። ግን መምህራኑ የሌላቸውና እናንተ ያላችሁ ነገር አለ። ምሩቁ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያቅተው የምታዩት እናንተ ናችሁ። የሚለር የላይኛው ደረጃ ያለው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሳይሆን በእናንተ ሳይት፣ ወርክሾፕና ቢሮ ነው። ስለዚህ ምስክርነቱ ያለ እናንተ ግማሽ ነው።

ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። በዓመት አንድ ቀን ስጡን፤ ያልኳችሁ ስምንት ተመልካቾች እናንተ ናችሁ። ልምምድ የሚመጡላችሁን ልጆች ሥራ አስነኩ፤ ፎቶ ኮፒ አታስነሱ፤ ቅጹንም በእውነት ሙሉ። ሦስተኛ፣ አዲስ ምሩቅ ከቀጠራችሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ለትምህርት ክፍሉ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ይህን ይችላል፣ ይህን ግን እኛ ልናስተምረው ግድ ሆነ ብላችሁ። ትምህርት ክፍሉም ያንን ገጽ አንብቦ የሚወያይበት ቀን ይኑረው።

ለመምህራኖቻችን የምለው ይህን ነው። እኛን ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ፤ ያኔም የማንረሳችሁ ያያችሁንን ነው፤ እጃችንን ይዛችሁ «እንዲህ ያዢው» ያላችሁን፣ ስንሳሳት አቁማችሁ ያሳያችሁን። የዛሬዎቹ ተማሪዎችም የሚፈልጉት እሱን ነው። ጥብቅነቱን አይፈሩትም። የሚጎዳቸው ማንም ሳያያቸው አምስት ዓመት ማለፋቸው ነው።

የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ለጣቢያ ፈተናው በተመልካችነት የሚመዘገቡትን ስም ከዛሬ ጀምሮ ይቀበላል። የሕክምና ምሩቃንም እንመዘገባለን፤ ግድግዳው የተሰነጠቀበት የቤት ባለቤት ሆኖ የሚተውን ሰው ያስፈልጋላ! እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።